ከቦኖው አጠገብ የነበረው ሐውልት

አምና፣ የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የሰፈራችን ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። የመጡት ለእኛ አልነበረም። ከእኛ ዝቅ ብላ የምትኖር ጎረቤታችን ልጇ ሰሜን ዘምቶ ነበርና ክፉ ወሬ ደርሷቸው ሊያረዷት ነው። መርዶ በእኛ ደንብ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ። ከወንዶቹ ጋር ደግሞ አንዲት የተከበሩ አሮጊት አብረው ይሄዳሉ፤ እናትየዋ ስትወድቅ የሚይዟት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ለዚህ እናቴን ሊወስዷት ነበር የመጡት።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እኔም ክንዷን ይዤ ተከተልኩ። ጎረቤታችን በር ላይ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ እንድታንኳኳ ቦታ ለቀቁላት። እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው። ከዚያ ዞር አለችና ማንንም ሳታናግር ዳገቱን ወደ ቤታችን መውጣት ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ፤ "አሟት ነው" ብዬ ቀባጠርኩና ከኋላዋ ሮጥኩ።

ቤት ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ከታች የጎረቤታችን ጩኸት ተሰማ። እናቴ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

"ያን ድንጋይ ፈልጊልኝ" አለች።

"የቱን ድንጋይ?"

"ቦኖው ጋ የነበረውን። የልጆቹን።"

እኔ ንዴት የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። ዊንጌት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ኖት ሳባዛ እውላለሁ፣ ወረፋ የማያከብር ሲገጥመኝ አፌ አያድርስ ነው። ያን ጠዋትም "ሰውን በር ላይ ጥለሽ መጥተሽ ደግሞ ድንጋይ?" ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ወንድሜ የውይይት ታክሲ ረዳት ነበር፤ ያኔ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድባት መኪና ውይይት ትባል ነበር። እኔ ያን ጊዜ የወተት ጥርሴ የሚነቃነቅ ልጅ ነኝ። ፊቱን በቅጡ ሳይታጠብ መኪናዋን ግን መስታወት እስክትመስል ያጥባት ነበር፤ እናቴ "ያችን ቆርቆሮ አግባት" እያለች ትቀልድበታለች። ሥራ ሲያልቅ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጦኝ እስከ ሸጎሌ ያንሸራሽረኛል። አንድ ቀን መኪናዋ ያለ እሱ መጣች። ከፌርማታ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰውት ነበር። ሾፌሩ የወንድሜን ጃኬት ለእናቴ ሰጥቷት፣ እግሩን እያፈራረቀ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ከሰሜን ግንባር ጥቂት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ መምጣቱን ተወ። እና አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች የእኛን በር አንኳኩ።

እናቴ በቆርቆሮው ሽንቁር አየቻቸው። ወንዶቹን አየች፤ ከኋላቸው የቆሙትን አሮጊት አየች። በሩን አልከፈተችም። "ዛሬ ቤቱን እየለቀለቅሁ ነው፣ እንግዳ አላስገባም" አለቻቸው። የሚለቀለቅ ነገር አልነበረም፤ ወለሉ ደረቅ ነው፣ እኔ በባዶ እግሬ ቆሜበታለሁ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ቆሙ። አንዱ "እመቤት፣ ክፈቺልን እንጂ" አላት በለሆሳስ። "ሌላ ቀን" አለች። ያ ሌላ ቀን አልመጣም። ሰዎቹም አክብረዋት ይሁን ፈርተዋት እንጃ ዳግመኛ አላንኳኩም።

ያልተነገረ መርዶ መርዶ አይደለም፤ የእናቴ ሕግ ይህ ነበር። ስለዚህ ለወንድሜ ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐት አልተደረገም፣ ተዝካር አልወጣም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን እኛ ቤት ብቻ አናውቅም ነበር። ጎረቤቶች በየቤታቸው እንዳለቀሱለት ኋላ ሰማሁ። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። አልጋውን በየፋሲካው አንሶላ ትቀይርለታለች። እኔ ሰው "ስንት ናችሁ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ሁለት ነን" እያልኩ አደግሁ፤ ትዳር ይዤ፣ ወልጄ፣ ትዳሬም ፈርሶ ወደ እናቴ ቤት ስመለስም ሁለት ነበርን። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። አንዳንዴ ወንድሜን መናፈቄን ትቼ እናደድበት ነበር።

ሐውልቱ የተሠራው ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ ነው። ከሰፈራችን የሄዱት ልጆች ብዙ ስለነበሩ ቀበሌው ከቦኖው አጠገብ በጥርብ ድንጋይ አቆመው። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፊቱ ላይ ስም የተቀረጸበት ነጭ እብነ በረድ፣ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ኮከብ። እኛ ልጆች ባልዲያችንን ወረፋ የምናስይዘው እሱ ሥር ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ግን ዞራ በወዲያኛው በኩል ነው የምታልፈው። መንግሥት ሲለወጥ ኮከቡ ጠፋ። ቀጥሎ ሐውልቱ ራሱ ጠፋ፤ በቦታው የዕድራችን የዕቃ መጋዘን ተሠራ። አፍርሰውት ነው ተባለ። በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ይፈርስ ስለነበር ማንም አልጠየቀም።

"እማዬ፣ እሱ እኮ ፈርሷል" አልኳት ያን ጠዋት። "ቢገኝስ ምን ይሠራልሻል?"

"የሱ ስም እዚያ ላይ የለም።"

ይህን አላውቅም ነበር፤ ልጅ ሆኜ ስሞቹን ደፍሬ አንብቤ አላውቅም። ስሙ እዚያ ስላለ ይመስለኝ ነበር በወዲያኛው በኩል የምታልፈው።

"ቀበሌ ሄጄ ለመንኳቸው" አለች። "'አትጻፉት፣ ልጄ አልሞተም' አልኳቸው። ሊቀመንበሩ 'ስሙ ከበላይ የመጣ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ' አለኝ። በሩ ላይ ዋልኩ። ኋላ ድንጋዩን የሚጠርበው ሰውዬ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከመጨረሻው ስም በታች አንድ መስመር ክፍት ተወልኝ። ከመጣ ክፍት ይቀራል፤ ካልመጣ..."

የነጠላዋን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ማጣጠፍ ጀመረች።

"ካልመጣስ?"

"አልመጣማ" አለች። "እኔ ስሞት ማን ይጠብቀዋል? ከጓደኞቹ ጋ ይጻፍልኝ።"

እናቴ ስለ ወንድሜ "አልመጣም" ስትል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሐኪሞቹ ልቧ እንደደከመ ነግረውናል፤ እሷም ታውቃለች። ወጥቼ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሱቄን ልከፍት ሄድኩ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ድንኳን ገብታ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ስለዚያ ጠዋት አንዳቸውም አላነሱም፤ ጎረቤታችን እጇን ብቻ ያዘቻት።

ፍለጋውን ከወረዳ ጀመርኩ። ልብሱ ንጹሕ፣ ጠባዩ ጥሩ የሆነ ወጣት ኮምፒውተሩ ላይ ጎርጎር አደረገና "በወረዳችን እንዲህ ያለ ሐውልት የለም፣ እናቴ" አለኝ።

"ነበረ" አልኩት።

"ማለቴ... ሲስተሙ ላይ የለም።"

"ሲስተሙ ሳይወለድ ነው የነበረው።"

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ክፍል ላከኝ፣ እዚያ ያለችው ደግሞ ወደሱ መለሰችኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው ብዬ ተውኩት።

ቀጥሎ ቦታው ላይ ሄጄ ቆምኩ። ቦኖው የለም። መጋዘኑም የለም፤ ከጥቂት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ከነቤቶቹ ተነሥቷል። ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ በየርቀቱ የቆመ መብራት። ያደግሁበት ቦታ ላይ ቆሜ የት እንደቆምኩ አላወቅሁም። ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እያየሁ፣ "ወረፋ ስንይዝ ጉልላቱ በግራ ትከሻዬ በኩል ነበር" እያልኩ ወዲህና ወዲያ ስል እሸት በቆሎ የምትጠብስ ሴት "እህቴ፣ የጠፋሽ ነገር አለ?" አለችኝ። "ቦኖ" አልኳት። እዚህ ከመጣች ገና ሁለት ክረምቷ መሆኑን ነግራኝ በቆሎዋን ማገላበጥ ቀጠለች።

ከዚያ ወደ ዕድራችን ዳኛ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ፣ የዕድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከልጆቻቸው ለይተው የማያዩ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ ከተበተነ በኋላም ዕድሩ እንዳይበተን ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም የገባው ሁሉ ዛሬም ለለቅሶ የሚጠራው በሳቸው ዕድር ነው።

"እሱን እኮ መንግሥት ሲለወጥ አፍርሰውታል" አሉኝ።

"ማን ነው ያፈረሰው፣ ጋሼ?"

አሰቡ። "እንጃ። እንደዚያ ተባለ።"

"እርስዎ ሲፈርስ አይተዋል?"

"እኔ ያኔ ክፍለ ሀገር ነበርኩ ልጄ። ስመለስ መጋዘኑ ተሠርቶ ጠበቀኝ።"

ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። በእኛ ሰፈር አንድ ዶሮ ብትጠፋ ማን እንደበላት ይታወቃል፤ ያን የሚያህል ግንብ ሲፈርስ ያየ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሐውልቱ ላይ ስማቸው የነበረ ልጆች እናቶችን አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሁሉም ሞተዋል። የቀረችው የእኔ እናት ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ከእነሱ ጋር አልተቆጠረችም።

ሞት ይርሳኝ፣ አንዲት አብሮ አደግ አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ ከወንድሜ ጋር በአንድ ቀን የታፈሰ ነው፤ ስሙ ሐውልቱ ላይ ነበር። እናቷ ካረፉ ቆይቷል፤ እሷ ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ሄድኩባት። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ጠየቅኋት። ተነሥታ የበረንዳውን በር ዘጋች።

"እኔ ጭቃ ረግጫለሁ" አለችኝ።

"የምን ጭቃ?"

"የምርጊት። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ፤ ሌላው ሰው ግርግሩን ፈርቶ በሩን ዘግቷል። እናቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። ኮከብ ያለበት ሐውልት ሁሉ እየተሰባበረ ነው የሚል ወሬ መጣ። የልጆቻችንን ስም በመዶሻ ከሚመቱት እኛ እንሸሽገው ተባባሉ። ኮከቡን ነቀሉት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ጭቃ በጭድ መረጉት፣ ኖራ ቀቡት፣ ሦስት ግድግዳ ጨምረው ቆርቆሮ አለበሱት። የዕድር መጋዘን ነው አሉ። ዕድሩም መጋዘን አልነበረውም፣ ደስ ብሎት ዕቃውን አስገባ።"

"ለማንም አልተናገሩም?"

"ሆድ ይፍጀው ብለው ተማማሉ። እኔንም እናቴ 'ከአፍሽ ቢወጣ አልወለድኩሽም' አለችኝ። ኋላ ነገሩ ሲረጋጋ ይናገሩታል ብዬ ነበር። አንዷ ሞተች፣ ሌላዋ ሞተች... በቃ፣ በዚያው ቀረ። እኔም ረሳሁት ብልሽ ይሻላል።"

ያ መጋዘን ዓይኔ ላይ መጣ። ሰው በሞተ ቁጥር ወንዶቹ ድንኳን ሊያወጡ የሚገቡበት፣ ድስትና ሳህን የተደረደረበት። በስተኋላ ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ ከሌላው ይቀዘቅዝ ነበር። እናቶቹ ለሌላ ሰው ለቅሶ ሳህን ሊያወጡ በገቡ ቁጥር ያንን ግድግዳ ነክተው ይወጡ እንደነበር አብሮ አደጌ ነገረችኝ።

"የእኔስ እናት?" አልኳት። "ለምን አልጠሯትም?"

የዘጋችውን በር መልሳ ገፋ አደረገችው።

"እንዴት ብለው ይጥሯት?" አለች። "የሞተ ልጅ የላትማ።"

ከዚያ አንድ ላይ አለቀስን፤ እኔ ለየትኛው እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ተመልሼ ለዳኛው ነገርኳቸው። ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"የኋላው ግድግዳ" አሉ። "መንገዱ ሲሰፋ ስካቫተሩ ሌላውን በአንድ ግፊት ደረመሰው። እሱ እምቢ አለ። ሾፌሩ 'ጭቃ ቤት ነው አላላችሁኝም እንዴ' ብሎ ተቆጣን። ጭቃው ሲረግፍ ጥርብ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። እኛማ ደስ አለን፤ ለአዲሱ መጋዘን መሠረት ይሆናል ብለን ጭነን ወሰድነው።"

"እብነ በረዱስ፣ ጋሼ?"

"አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነበር። ጭቃው በአንድ ፊቱ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ያን ፊት ወደ ታች አድርገን..."

"የት?"

"ቧንቧው ሥር" አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው። "ሴቶቹ ዕቃ ያጥቡበታል።"

አዲሱ መጋዘን ወደ ሸጎሌ ሲወጣ፣ ከብት ተራው አለፍ ብሎ ነው። አብሮ አደጌን ጠራኋት፤ ዳኛው ሁለት ጠንካራ ሰዎች ከድጅኖ ጋር ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋው ድንጋይ፤ ላዩ ላይ የተረሳ የሳህን ማጠቢያ ሽቦና ጥቂት የሩዝ ፍሬ። ንዴቴ ገነፈለ። "ሰው እንዴት አንዴ እንኳ ገልብጦ አያይም?" አልኳቸው ዳኛውን። ሽማግሌ ላይ መጮሄ ነውር ነው፤ ግን ጮህኩ። እሳቸው "ልክ ነሽ ልጄ" ብለው ሽቦውንና ሩዙን ከድንጋዩ ላይ ጠረጉ።

ሰዎቹ በድጅኖ ፈንቅለው ገለበጡት። የደረቀው ምርጊት ረጥቦ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ነበር። ውሃ እያፈሰስን በመጥረጊያ አጠብነው። መጀመሪያ "ለእናት ሀገራቸው" የሚል ወጣ። ቀጥሎ ስሞች። እዚህ አልጽፋቸውም፤ የየቤታቸው ናቸው። ጭዱ ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ከመጥረጊያው ስንጥር ሰብረን አንድ በአንድ ፈለፈልነው። እናቶቹ ተሳክቶላቸዋል፤ አንድም ፊደል አልተነካም። አብሮ አደጌ የወንድሟን ስም አገኘችውና ጣቷን በፊደሎቹ ውስጥ እያስኬደች ቁጭ አለች።

እኔ ወደ ታች ወረድኩ። ከመጨረሻው ስም በኋላ ድንጋዩ የለም። ተሰብሯል፤ ጠርዙ ሰያፍ ሆኖ ሄዷል። የመጨረሻው ስም ሥር አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቀርቶ፣ ከዚያ ስባሪ ነው።

"ታችኛው የት ሄደ?"

ዳኛው ሰዎቹን አዩ፤ ሰዎቹ ዳኛውን። "ስካቫተሩ ነው የሰበረው" አለ አንዱ። "ስብርባሪው ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ ለመንገዱ ሙሌት ገብቷል።"

ያን ማታ መሰበሩን ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ተገኝቷል አልኳት፣ ያም ውሸት አልነበረም። በማግሥቱ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ወሰድኳት። የክት ቀሚሷን ለብሳ ነበር። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ እኔም ልነግራት እያልኩ ሸጎሌ ደረስን።

ድንጋዩን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገውት ነበር። ዓይኗ ስለደከመ ቀርባ በእጇ ዳሰሰችው። ከላይ ጀመረች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል እየለየች፣ እያንዳንዱን ስም በከንፈሯ እያለች ወረደች። አንዳንዱ ላይ ቆም ትላለች፤ "የልብስ ሰፊዋ ልጅ" ትላለች፤ "ይሄ እንኳ ገና ልጅ ነበር" ትላለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳታያቸው ያለፈቻቸውን ልጆች ሰላም የምትላቸው ይመስል ነበር። መጨረሻው ላይ ደረሰች። እጇ ወረደና ስባሪው ጠርዝ ላይ ቆመ።

ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። መልሳ ዳሰሰችው።

"እዚህ ነበር" አለች።

"ተሰብሯል፣ እማዬ።"

"የሱ ቦታ የት ሄደ?"

እኔ ነገርኳት። አዲሱ መንገድ ሥር፣ ሙሌት ውስጥ እንዳለ፣ ሊወጣ እንደማይችል። አንድም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት።

"መኪና ይሄድበታል ማለት ነው?"

"አዎ።"

"መኪና ይወድ ነበር" አለች።

ከጎን ነጭ ቦታ አለ፣ ድንጋይ ጠራቢ ጠርተን እዚያ እናስጽፈዋለን አልኳት። ዳኛው ፈጥነው ተቀበሉኝ፤ ዕድሩ ያስጽፋል፣ ሐውልቱንም እዚሁ ግቢ ያቆመዋል አሉ። እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"የእነሱን አቁሙላቸው። የእኔ ይቅር" አለች። "እሱ ስም ብቻ አይደለም የቀረበት።"

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። እኔ እናቴን ለሌላ ሰው ለቅሶ ስትሄድ እንጂ ለራሷ እንዲህ ስትለብስ አይቼ አላውቅም። መሬቱ እርጥብ ነበር፣ እዚያው ተቀመጠች። ስሙን ጠራችው። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ የደከመ ልቧ የቻለውን ያህል ነው። አብሮ አደጌ ሮጣ መጥታ ያዘቻት። እኔ አልያዝኳትም፤ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። እኔና እናቴ ለወንድሜ አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ስትረጋጋ ለዳኛው "ድንኳን ይተከልልኝ" አለቻቸው። "የዕድሩ አባል ነኝ፤ ልጄ ሞቶብኛል።"

ዳኛው ትንሽ አመነቱ። ደንቡ ድንኳን የሚወጣው ቀብር ሲኖር ነው ይላል፤ እንዲህ ያለ ደግሞ ገጥሟቸው አያውቅም። ፊታቸው ላይ ደንቡን ሲያገላብጡ አየሁ። ኋላ ኮፍያቸውን አደረጉና "ነገ ይተከላል" አሉ። የንስሐ አባታችንም ፍትሐቱን እንደሚያደርሱ በስልክ ነገሩን።

አመሻሹ ላይ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ቤታችን መጣ። አሁን የሚይዘው ጥሩንባ ሳይሆን የእጅ ማጉያ ነው፤ ነገ ማለዳ በየመንደሩ እየዞረ የሚለውን ለመቀበል ነበር። ወጣት ነው፤ ወንድሜ ሲሄድ አልተወለደም። በሩ አጠገብ ቆሞ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ጠየቀ፤ እናቴ ነገረችው። እየደጋገመ በቃሉ ያዘው። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

"እማማ፣ ቀብሩ የት ነው ልበል?"

እኔ ልመልስለት ተነሣሁ። ምን እንደምል ሳላውቅ ነበር የተነሣሁት። እናቴ በእጇ አስቀመጠችኝ።

"ተቀብሯል በል" አለችው። "እናቱ ናት የዘገየችው፤ ለእሷ ድረሱላት በል።"